ለእንቅርት የወረደ ሙሾ

ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነው። «የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ» ማለት ሲታክተኝ እንዲህ እላለሁ፤ ሰውም ይስቃል። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ዝምታውን ነው። ወሬ አላበዛም፣ የሚያበዛ ሰውም ቶሎ ይሰለቸኛል። ታካሚ ከተኛ በኋላ ግን አይነዘንዝም፣ ምክር አይለግስም፣ ለምን አላገባሽም ብሎ አይጠይቅም። እናቴ «አንቺ ሰው የምትወጂው ሲተኛ ነው» ትለኝ ነበር። ሐሰት አልነበረም።

ይህ የሆነው ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ተወልጄ ባደግሁባት በደብረ ማርቆስ ነው። እንቅርት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ገበያ መሐል ቆሞ ዙሪያውን ላየ ሰው፣ ነጠላዋን ከፍ አድርጋ አንገቷን የምትሸፍን ሴት አያጣም። ብዙዎቹ ተሸክመውት ይኖራሉ። ወደ እኛ የሚመጡት ጎርሰው መዋጥ ሲያቅታቸው፣ ወይም ሲተኙ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው።

ከይጁቤ በኩል የመጡት ሴትም የመጡት ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ከፍ ይላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። እንቅርታቸው በስተቀኝ በኩል ብርቱካን ያህላል። መዝገብ ላይ «ሥራ» የሚለው ጋ ስደርስ ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልቃሽ ነኝ» አሉኝ፣ ሌላው ሰው መምህር ነኝ፣ ነጋዴ ነኝ እንደሚለው።

እውነታቸውን ነበር። በአገራቸው ሰው ሲሞት ለቅሶው መሐል ቆመው፣ የሟቹን ነገር በግጥም እያወረዱ፣ ለቀስተኛውን ሁሉ የሚያስለቅሱት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን መንገድ ተጉዞ የሚጠራቸው እንዳለ አብሯቸው የመጣው ወንድማቸው ነገረኝ። «እሷ ያልቆመችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም» አለ። እሳቸው ዝም በል ብለው በክርናቸው ጎሸሙት፤ ፊታቸው ግን ደስ ብሎት ነበር።

እንቅርቱን ሃያ ዓመት ሙሉ ያላስወጡት ሐኪም ጠፍቶ አልነበረም። የባላቸው እኅት አስወጥታ፣ ቁስሏ በደንብ ድኖ፣ ድምፅዋ ግን ተዘግቶ ቀርቷል። «ይኸውና እስከ ዛሬ ጎረቤቷን የምትጠራው በጭብጨባ ነው» አሉን። የፈሩት ሞትን አልነበረም። ድምፃቸውን ነበር።

ፍርሃታቸው የዋዛ አይደለም። ከእንቅርቱ ጀርባ ክር የሚያህል ነርቭ ያልፋል፤ እሱ ከተቆረጠ፣ አንዳንዴም ከተጎተተ፣ ድምፅ ይሰልላል። ከላይ በኩል ደግሞ ከዚያም የቀጠነ ሌላ አለ። እሱ የተጎዳበት ሰው እንደ ልቡ ያወራል፤ ድምፁን ወደ ላይ ማንሣት ግን አይችልም። ይህ በእኔ ላይ ቢደርስ እስከ ዛሬም ላላውቀው እችል ነበር። ለሙሾ አውራጅ ግን እንጀራዋም ክብሯም እዚያ ቀጭን ክር ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጣ የቀዶ ሕክምና ቡድን ለአንድ ሳምንት ከእኛ ጋር ይሠራ ነበር። ይዘውት ከመጡት ዕቃ አንዱ ያንን ነርቭ የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። ታካሚው ከተኛ በኋላ በጉሮሮው የምናስገባው የመተንፈሻ ቱቦ የድምፅ አውታሩን የሚነኩ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ሐኪሙ በመንኪያው ነርቩን ሲነካ አውታሩ ይንቀሳቀሳል፣ መሣሪያውም ጡጥ ጡጥ ይላል። «እዚህ ጋ ነርቭ አለ፣ ተጠንቀቅ» እንደ ማለት ነው። የእኛ የቀዶ ሐኪም ይህን ሲያስረዳቸው ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

«ጅማቱን ሲነካብኝ ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

«እንግዲያስ እሱ ካለ እተኛለሁ» አሉ። ቀጠሯቸው ዓርብ ጠዋት ሆነ፤ ቡድኑ ዓርብ በስድስት ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳልና የመጨረሻዋ ታካሚ እሳቸው ነበሩ።

ዓርብ ጠዋት እንደ ደንቡ ጠየቅኋቸው። ከማታ ጀምሮ ምግብ ቀምሰዋል? ሳቁብኝ። «ለኔ ጾም ልታስተምሪኝ ነው ልጄ? እኔ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የማለቅስ ሴት ነኝ።» ውሃስ? «ኧረ ውሃ በአፌ አልዞረም።» ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል አስገባኋቸው። ጠረጴዛው ላይ ወጥተው ጋደም ሲሉ ከሆዳቸው የተንቦጫቦጨ ነገር ሰማሁ። ጆሮዬ እንዲህ ላለ ነገር ክፉ ነው።

«እናቴ፣ ሆድዎ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ጠበል ነዋ» አሉኝ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት።

ወንድማቸው ከዲማ ገዳም ድረስ ሄዶ በጀሪካን አምጥቶላቸው፣ እምነት በጥብጠውበት፣ ጎሕ ሲቀድ ጀምረው ሲጠጡ ነው ያነጉት። ግማሹን ጨርሰውታል። ለምን አልነገሩኝም ብል «ጠበል እኮ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ባዶ ሆድሽን ኑሪ ያላችሁኝ እናንተ» አሉ። ለእሳቸው የእኔ ትእዛዝና የጠበሉ ሥርዓት አንድ ላይ የተገጠሙ ነበሩ፤ ባዶ ሆድ የሆኑት ለጠበሉ ነው፣ ጠበሉ ደግሞ ለቀዶ ጥገናው።

ሆዱ ሙሉ የሆነ ሰው ሲተኛ የጠጣው ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አፈር የተበጠበጠበት ከሆነማ የባሰ ነው። ቢያንስ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ነበረብን፤ ቡድኑ ደግሞ በስድስት ሰዓት ይሄዳል። መሣሪያው ዓይናችን እያየ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። የእኛ ሐኪም ጓንቱን አወለቀና «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አለ፤ ተረቱ የዚያን ቀን ያህል ቦታውን አግኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የተናደድሁት በሴትዮዋ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስቆጣ ቆየሁ። ከዚያ ቁጣው ቀስ እያለ ወደ ራሴ ዞረ። እሳቸው አልዋሹኝም። የማርቆስ ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ራስ ምታት ሲይዛት እንኳ ጠበል ስትቀምስ እያየሁ አድጌ፣ «ጠበልስ?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ጠፋኝ? ከመጽሐፍ የተማርሁትን ነው የጠየቅሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለታካሚ ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ ምግብ፣ ውሃ፣ ጠበል።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ለብሰው ሊሄዱ ተነሡ። «የሚጮኸው ከሄደ እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ሐኪማችን ወጣት ነው፣ እንደ እኔ ወሬ አያበዛም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠና መምህሩ ድሮ መሣሪያ ሳይኖር እንዴት ይሠራ እንደነበር ነገራቸው። ታካሚው አይተኛም። አንገቱ ብቻ በመርፌ ይደነዝዛል። ሐኪሙ ሲሠራ ታካሚው ያወራል፤ ድምፁ ከተለወጠ ሐኪሙ እጁን ያነሣል። በዚያ ላይ ከእሳቸው የሚወጣው የቀኙ ብቻ ነው፤ የግራው ነርቭ አይነካም።

«እያየሁህ ልታርደኝ?»

«አያዩኝም፣ መጋረጃ አለ። የሚጮኸው መሣሪያ እርስዎ ይሆናሉ።»

«የሚሰማኝስ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ወደ እኔ ጠቆመ። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና «ይቺ? ይቺ እንኳን ሌላውን ልታስወራ ራሷም አታወራ» አሉ። ወንድማቸው ሳቁን መያዝ አቃተው። ያም ሆኖ እሺ አሉ። ሰኞ ጠዋት ጠበሉን እንዳይጠጡት፣ ከፈለጉ ግን ፊታቸውንና አንገታቸውን እንዲረጩት ተስማማን። እኔ ራሴ ቆሜ አስረጨኋቸው።

ሰኞ አንገታቸው ደነዘዘ፣ መጋረጃው ተጋረደ፣ እኔ ከራስጌያቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጃቸውን ያዝሁ። መጀመሪያ ቁጥር አስቆጠርኋቸው፤ ሃያ ሲደርሱ ሰለቻቸው። ስለ ልጆቻቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ጤፉ ዋጋ። በዓመት የማላወራውን ወሬ ሁሉ በአንድ ጠዋት አወራሁ ማለት ይቻላል። እሳቸው መለሱልኝ፣ ድምፃቸውም ደህና ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄድን።

ከዚያ ሐኪሙ ከመጋረጃው ማዶ «ላይኛው ጋ ደርሻለሁ፤ ከፍ ያለ ድምፅ እፈልጋለሁ» አለ። ቀጭኑ ነርቭ ያለበት ቦታ ማለቱ ነው። በወሬ ድምፅ ያ ነርቭ ደህና ይሁን አይሁን አይታወቅም።

«እናቴ፣ እስቲ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት።»

«ለምን ብዬ ልጩህ? ገበያ ነው?»

«ለቅሶ ላይ እንደሚያደርጉት።»

እጃቸውን ከእጄ ነጠቁ። «ሰው ሳይሞት? ልታሟርቺብኝ ነው?» አሉና አፋቸውን ገጠሙ።

ይህንንም ማወቅ ነበረብኝ። ሟች በሌለበት ሙሾ አይወርድም፤ ማውረድ ሟች መጥራት ነው ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ አንገቱ ተከፍቶ የተጋደመ ሰው ደግሞ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለማን ያልቅሱ? ሐኪሙ እጁን አቁሞ ጠበቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝምታ ስወድ ኖሬ፣ የዚያን ቀን ዝምታ እንዴት እንደሚያስፈራ አየሁት። ደህና ቢሆኑና ቢያኮርፉ፣ ወይም ድምፃቸው ሄዶ ቢሆን፣ ለእኔ ያው ዝም ነው።

በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። «ዶክተር፣ ይሄ የምታወጣው ነገር ተመልሶ ይገባል?»

«አይገባም።»

«ይሞታላ?»

«አዎ፣ ይሞታል።»

«እንግዲያስ ሟች አለ» አሉና እጄን መልሰው ያዙት። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ጀመሩ።

ሃያ ዓመት ካንገቴ ተንጠልጥለህ ኖረህ፣
ዛሬ በምን አንጀት ጥለህ ትሄዳለህ።

ዜማው የለቅሶ ነው፣ ከልብ የሚወጣ። መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ ሳቅ አፈናት። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ነገር ነው፤ ይሰናበቱታል። ድምፃቸው ወደ ላይ ሲወጣ ክፍሉ ጠበበ። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በፊት ለሰው ድምፅ እንዲህ ጆሮ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ወርቅ ድሪ ለምኜ አንተን ሰጠኝ ጌታ፣
አውልቄህ ልተኛ እንደ ሰው አንድ ማታ።

«አታስቁኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለ ሐኪሙ። በሩ ጋ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛችን በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሐኪሙ ከላይኛው ወደ ዋናው ነርቭ ሲወርድ ሴትዮዋ ሦስተኛውን ጀመሩ።

የሰው ሁሉ ሬሳ በኔ ድምፅ ተሸኘ፣
ላንተ ግን ቀባሪ ሐኪሙ ተገኘ።

«ተገኘ» የሚለውን ወደ ላይ ሲያነሡት ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰነጠቀ፣ ቀጥሎም ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እኔ፣ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው፣ «ዶክተር፣ ተወው!» ብዬ ጮህሁ። የያዘውን ለቀቀ። «እናቴ፣ ይናገሩ» አልኋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ያንን ዓይን አልረሳውም። ቢሳደቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠበሉን ሳልጠይቅ ባላልፍ መሣሪያው ዓርብ ዕለት ከዚህ ቀድሞ ይጮህ ነበር እያልሁ ራሴን ረገምሁ። ሳስበው ጊዜው አምስት ደቂቃም አይሞላ፤ ለእኔ ግን ከሑዳዴ ይረዝም ነበር።

«አ…» አሉ። «አንቺ…» ጎርናና ነው፣ ግን ድምፅ ነው። «አንቺ ልጅ፣ እጄን ሰበርሽው እኮ።»

ለካስ ጨምቄያቸው ኖሯል። ሐኪሙ የያዘውን ቦታ ትቶ እንቅርቱን ይበልጥ ተጠግቶ በሌላ በኩል ዞረበት፣ ጨረሰም። ከዚያ በኋላ አላስለቀስናቸውም። የተጎተተ ነርቭ ማረፍ አለበት፤ እስከ አንድ ወር ድምፃቸውን ከፍ እንዳያደርጉ አዘዛቸው።

በሦስተኛው ቀን ሊወጡ ሲሉ አስከሬኑን ጠየቁ። «ሙሾ የወረደለት ነገር ሳይቀበር አይቀርም» ብለው ግግም አሉ። ቁራጩ ለምርመራ ተልኳል፤ የቀረው በግቢው ጓሮ እንዲህ ያለ ነገር በሚጣልበት ጥልቅ ጉድጓድ ገብቷል። ወስጄ ክዳኑን አሳየኋቸው። አንድ እፍኝ አፈር ዘግነው ጣል አደረጉበትና «አፈሩን ያቅልልህ» አሉት። በመንገድ ላይ ሁለታችንም ስንስቅ የቁስላቸው ስፌት እንዳይላቀቅ ፈራሁ።

በወሩ ሲመጡ የምርመራው ውጤት ደግ ሆኖ ነበር። ያወራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ወንድማቸውን ይቆጣሉ፤ ሌሊትም እንደ ሕፃን ይተኛሉ። ሐኪሙ ከፍ ያለውን ድምፅ እስቲ ይሞክሩት ቢላቸው ግን እምቢ አሉ። «አንዴ አታላችሁኛል። ያለ ሟች አላወጣም።» ወንድማቸው ከኋላ ቀርቶ እውነቱን ነገረኝ። በአገራቸው ሁለት ሰው ሞቷል፤ ተጠርተው ሄደዋል፣ ግን ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠው ዝም ብለው ተመለሱ። ጠያቂ ሲበዛባቸው «ገና ነኝ» ይላሉ። ፈርተዋል። ቆመው ድምፁ ከሚጠፋባቸው ሳይሞክሩት መቅረትን መርጠዋል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ ከልቤ አልወጣም፤ ሌሎች ታካሚዎቼን ሳስተኛም ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ መኸሩ ገብቶ ካበቃ በኋላ፣ አባቴ አረፈ። ሰማንያን አልፎ፣ ልጆቹን አድርሶ፣ ሳይማቅቅ ነው የሄደው፤ የሚያማርር ነገር የለኝም። እኔ ግን አላለቀስሁም። ድንኳን አስተከልሁ፣ ወንበር አስመጣሁ፣ እንግዳ ተቀበልሁ። አክስቴ «ሐኪም አንጀት የለውም» ስትል ሰምቻለሁ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሴትዮዋ ከወንድማቸው ጋር ገቡ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አልጠራኋቸውም፤ ለመጥራት ፊትም አልነበረኝም። አቅፈው ሳሙኝና ጆሮዬ ሥር «አባትሽ ላንቺ ምን ነበሩ? አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉኝ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣውን ነገርኋቸው። ከሥራ የምወጣበትን ሰዓት ያውቃል፤ ዝናብም ይሁን ፀሐይ የግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ መሐል ገቡ፣ ቆሙም።

ዝቅ አድርገው ጀመሩ፣ የአባቴን ደግነት፣ ዕድሜውን፣ የልጆቹን ቁጥር። እኔ የሰማሁት ቃሉን አይደለም። ከራስጌያቸው በርጩማ ላይ እንዳለሁ ሁሉ ትንፋሼን ይዤ የምጠብቀው ያንን ወደ ላይ የሚወጣውን ድምፅ ነበር። ደረታቸውን አንዴ መቱና አነሡት።

ልጅህ ስትመጣ ከበር ትቆም ነበር፣
ዛሬ ማን ሊቀበል ዘጋኸው ያንን በር።

ወጣ። «ዘጋኸው» ላይ ጣሪያ ነካ፣ አልተሰነጠቀም፣ አልሰለለም፤ ሙሉውን ወጣ። እሳቸውም ሰሙት፤ ዓይናቸው ከሰው ሁሉ መሐል እኔን ፈለገ። ደስ አለኝ። አባቴ በሞተ በሁለተኛው ቀን፣ በለቅሶው መሐል ቆሜ፣ አልደብቅም፣ ደስ አለኝ። ፈገግ ሳልልም አልቀረሁ።

ቃሉ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዞር ብዬ በሩን አየሁት። ያኔ አለቀስሁ።